እግዚአብሔር ቀለለብን እንዴ?

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ እሁድ ጠዋት፣ በጉባኤያችን ከሚያገለግሉ ወጣቶች የአንዱ አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኛ መጡ። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው በዚያው ያረጁ ሰው ናቸው። ልጃቸው ለዓመታት ጸልዮላቸዋል፤ እኛም አብረነው ጸልየናል። ስለዚህ በዚያ ቀን ሁሉም ነገር እንዲያምር ፈልጌ ነበር። መዘምራኑ በደንብ ተለማምደዋል፤ የድምፅ መሣሪያው ተስተካክሏል፤ ስብከቱም እንደ ወትሮው አልረዘመም።

ከአምልኮው በኋላ ሻይ ይዘን ተቀመጥንና «እንዴት አገኙን አባቴ?» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ዝማሬውም ደስ ይላል። ልጄ እንዲያ ሲዘምር ሳየው ዕንባዬ መጣ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «ግን ልጄ፣ አትቀየመኝና፣ እግዚአብሔር የገባው መቼ ነው? አንተ ስትገባ ሰው ሲነሳ አየሁ። ለእሱ የተነሳ ሰው ግን አላየሁም» አሉ።

መልስ ነበረኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆመን መዘመራችንን ልነግራቸው እችል ነበር። እግዚአብሔር የሰው እጅ በሠራው ቤት እንደማይወሰን፣ ቤተ መቅደሱ እኛው እንደሆንን፣ ጥቅስ በጥቅስ ላስረዳቸው እችል ነበር። የነገረ መለኮት ኮሌጅ የተማርኩት ለምን ሆነና! ነገር ግን አፌን ከመክፈቴ በፊት ያን ዕለት ጠዋት ያደረግሁት ትዝ አለኝ። ጉባኤው እጁን ዘርግቶ ስለ እግዚአብሔር ቅድስና ሲዘምር፣ እኔ ከፊት ወንበር ቆሜ፣ ስልኬን በመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከልዬ፣ ከሰዓት በኋላ ስላለው የሽማግሌዎች ስብሰባ መልእክት እጽፍ ነበር። ያስደነገጠኝ መጻፌ ብቻ አይደለም። እየጻፍኩ እዘምር ነበር። ከንፈሬ ለአንዲት ቃል እንኳ አልቆመም።

ስለዚህ አልመለስኩላቸውም። «ልክ ነዎት» ብዬ ዝም አልኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስላልለቀቀኝ ነው። ሌሎችን ለመውቀስ አይደለም፤ ወቀሳው ከእኔ ይጀምራል። ግን በእኔ ብቻ የሚያበቃ አይመስለኝም።

ክብርና ክብደት

በብሉይ ኪዳን «ክብር» ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል «ካቮድ» ነው። መሠረታዊ ትርጉሙ ክብደት ነው። «ከበደ»፣ «ከባድ» ከምንለው ከእኛው ቃል ጋርም የአንድ ሥር ልጅ ነው። እንግዲህ እግዚአብሔርን ማክበር ማለት በቋንቋው ሥር ስናየው፣ እግዚአብሔር በልባችን ሚዛን ላይ የሚገባውን ያህል እንዲከብድ መፍቀድ ነው ማለት ነው። እርሱ በእኛ የተነሳ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የሚለወጠው የእኛ ሚዛን ነው።

በ1 ሳሙኤል 2፥30 ላይ እግዚአብሔር ለካህኑ ለዔሊ የሚናገረው ቃል በዚህ ሥር ላይ የቆመ ነው። የሚያከብሩትን እንደሚያከብር፣ የሚንቁት ግን እንደሚናቁ ይነግረዋል። በዕብራይስጡ የመጨረሻው ግስ «ይቀልላሉ» እንደ ማለት ነው፤ እርሱም ከእኛ «ቀለለ» ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ክብደትና ቅለት። እግዚአብሔርን ያቀለለ ራሱ ይቀላል።

የዔሊ ቤት እንዴት እዚያ ደረሰ? ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ ጣዖት አላቆሙም። ቤተ መቅደሱን አልዘጉም። አገልግሎታቸውንም አላቋረጡም። እንዲያውም በየቀኑ መሠዊያው አጠገብ ነበሩ። ችግሩ መሠዊያው የሥራ ቦታቸው ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ሕዝቡ መሥዋዕት ሲያመጣ ስቡ ለእግዚአብሔር ሳይቃጠል በፊት ድርሻቸውን በግድ ይወስዱ ነበር። መጀመሪያ እኛ፣ ቀጥሎ እግዚአብሔር። ምዕራፉ ይህን የእግዚአብሔርን ቍርባን መናቅ ይለዋል። ዔሊንም እግዚአብሔር የወቀሰው ልጆችህን ከእኔ ይልቅ አከበርህ ብሎ ነው።

ምዕራፍ 4 ላይ ስንደርስ ደግሞ የሚያስደነግጥ ነገር እናነባለን። እስራኤል በፍልስጥኤማውያን ሲሸነፍ ሽማግሌዎቹ ታቦቱን ወደ ጦር ሰፈሩ አመጡ፤ እንዲያድናቸው። ታቦቱ ሲገባ ሕዝቡ ሁሉ ምድሪቱ እስክትናወጥ ድረስ እልል አለ። በዚያ ቦታ ብንገኝ «እንዴት ያለ አምልኮ! መንፈሱ እንዴት ወረደ!» እንል ነበር። ነገር ግን ምድር ያናወጠው እልልታ ብዙም ሳይቆይ ታቦቱ ተማረከ፣ የዔሊ ልጆች ሞቱ፣ ዔሊም ወድቆ አንገቱ ተሰበረ። ምራቱ በሞት ጣር ላይ ሆና የወለደችውን ልጅ ኢካቦድ አለችው። ክብር ከእስራኤል ለቀቀ ማለት ነው። እልልታ ነበረ፤ ክብደቱ ግን አልነበረም። እግዚአብሔርን የፈለጉት ሊጠቀሙበት እንጂ ሊሰግዱለት አልነበረም።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የእሁዱ ሰው ጥያቄ ይመለስብኛል። እልልታችን የክብሩ ምልክት ነው ወይስ የክብሩ ምትክ?

ሁለት ዓይነት ፍርሃት

«እግዚአብሔርን መፍራት» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጅራፍ የያዘ አባትን ነው። በእንዲህ ያለ ፍርሃት ያደጉና ከእርሱ ለመውጣት ዓመታት የፈጀባቸው ሰዎች በጉባኤያችን አሉ። የምናገረው ስለዚያ አይደለም።

እኔ ጌታን ያወቅሁት በደርግ ዘመን፣ በጉርምስናዬ ነው። ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ ምእመናኑ በየቤቱ ተበትነው በትንንሽ ቡድን ይሰበሰቡ ነበር፤ የሌሎችም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። እኛ የምንሰበሰብበት ቤት መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈን ነበር። በአንድነት አንገባም፤ አንድ በአንድ፣ ሰዓት እያለያየን ነው። ጫማችንን ደጅ አንተውም፤ የጫማ ብዛት ይናገራልና። ዝማሬያችን ሹክሹክታ ነበር። ጭብጨባ የለም፤ «አሜን» እንኳ በትንፋሽ ነው።

በዚያ ቤት ሁለት ፍርሃት ነበረ። አንዱ ከውጭ ነው፤ የቀበሌው፣ የካድሬው፣ በሩ ቢንኳኳ ምን እንላለን የሚለው ፍርሃት። ያን ፍርሃት አልናፍቀውም፤ ለማንም አልመኘውም። ሌላው ግን ከውስጥ ነበር። አንዲት እናት በሹክሹክታ ጸሎት ስትጀምር ክፍሉ ይከብድ ነበር። ቃሉ ሲነበብ ማንም አይንቀሳቀስም። ልጅ ነበርኩ፤ ብዙ ነገር አይገባኝም ነበር፤ ግን በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሁላችን የሚበልጥ አንድ ሰው እንዳለ አውቅ ነበር። ያም ፍርሃት የውጪውን ፍርሃት ዋጠው።

ሙሴ በዘጸአት 20፥20 ላይ ለሕዝቡ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ተራራው ይጤሳል፣ ሕዝቡ ይንቀጠቀጣል። ሙሴ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አትፍሩ ይላቸዋል፤ እዚያው ደግሞ እግዚአብሔር የመጣው እርሱን መፍራት በፊታቸው እንዲሆንና ኃጢአት እንዳይሠሩ ነው ይላቸዋል። አትፍሩ፣ ፍሩም። ግጭት የለውም። የመጀመሪያው ፍርሃት ከእግዚአብሔር ያሸሻል፤ ሁለተኛው ከኃጢአት ያሸሻል። የመጀመሪያው ባሪያን ያንበረክካል፤ ሁለተኛው ልጅን ያስተካክላል።

ያ የስደት ዘመን አልፎ በሮች ሲከፈቱ አብያተ ክርስቲያናቱ ጠፍተው አልተገኙም፤ በብዙ እጥፍ አድገው ተገኙ። የሐዋርያት ሥራ 9፥31ም ስለ ቀደመችው ቤተ ክርስቲያን ተመሳሳይ ነገር ይነግረናል፤ በጌታ ፍርሃትና በመንፈስ ቅዱስ መጽናናት እየሄደች ትበዛ እንደነበር። ፍርሃቱና መጽናናቱ፣ ሁለቱም አንድ ላይ።

«አንተ» የምንለው ጌታ

«ፓስተር፣ እኛ እኮ ልጆች ነን። መጋረጃው ተቀዷል። በድፍረት እንድንገባ ተጠርተናል። ወደ ሲና ልትመልሰን ነው?» የሚል ወንድም ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

በቋንቋችን ውስጥ ይህን የሚያስረዳ አንድ ነገር አለ። እኔ ባደግኩበት ቤት አባቴን «አንቱ» ነበር የምለው። ለጎረቤት ሽማግሌ «እርስዎ» እላለሁ። የቀበሌ ሊቀ መንበሩንም «እርስዎ»። እግዚአብሔርን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ «አንተ» እለዋለሁ፤ እናንተም እንዲሁ። ምክንያቱ ሰዋስው ነው፤ ዕብራይስጡም ግሪኩም ግዕዙም ለአንድ ሰው የሚሆን የአክብሮት «አንቱ» የላቸውም፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም በዚያው ሄደ። ነገር ግን እኔ በዚህ ውስጥ ከሰዋስው ያለፈ ጸጋ ይታየኛል። የሰማይና የምድር ፈጣሪን፣ ለወረዳ ሹም በማንናገርበት ቅርበት እንናገረዋለን።

ሆኖም አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ «አንተ» የምንለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በጣም የምንቀርበው ነው። ሌላው የናቅነው ነው። ወዳጁን «አንተ» የሚል ሰው ፍቅሩን ይገልጣል፤ የማያውቀውን ሽማግሌ በመንገድ ላይ «አንተ!» የሚል ጎረምሳ ደግሞ አስተዳደጉን ይገልጣል። ቃሉ አንድ ነው፤ ልቡ ግን ሁለት። ታዲያ ዛሬ በጸሎታችን ውስጥ ያለው የትኛው «አንተ» ነው?

ሐዋርያው ዮሐንስን ተመልከቱ። በመጨረሻው እራት በኢየሱስ ደረት ላይ የተጠጋው እርሱ ነው (ዮሐ. 13፥23)። ከእርሱ የቀረበ ማን አለ? ከዓመታት በኋላ ግን በፍጥሞ ደሴት ያንኑ ጌታ በክብሩ ሲያየው፣ እንደ ሞተ ሰው ሆኖ ከእግሩ በታች ወደቀ (ራእ. 1፥17)። ቅርበቱ ፍርሃቱን አላጠፋውም። ጌታም የወደቀውን ቀኝ እጁን ጭኖበት አትፍራ አለው። የክርስቲያን አምልኮ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚኖር ነው፤ ደረቱ ላይ የሚጠጋ፣ እግሩ ሥር የሚወድቅ። አንዱን ብቻ የያዘ ግማሹን ጌታ ነው የያዘው።

በድፍረት እንድንቀርብ የሚነግረን የዕብራውያን መልእክትም ይህን አልረሳም። ምዕራፍ 12 ወደሚቃጠለው ተራራ አልመጣችሁም፣ ወደ ጽዮን መጥታችኋል ካለን በኋላ፣ ስለዚህ ዘና በሉ አይለንም። ስለዚህ በአክብሮትና በፍርሃት እናምልክ ይለናል፤ አምላካችን የሚያጠፋ እሳት መሆኑንም ያስታውሰናል። በአዲስ ኪዳን የተለወጠው እሳቱ አይደለም። የተለወጠው መግቢያው ነው፤ በልጁ ደም ገባን። እሳቱ ግን ያው እሳት ነው።

ደግሞ ፍርሃት ደስታን ይገድላል የሚል ካለ 2 ሳሙኤል 6ን ያንብብ። ዖዛ ታቦቱን በእጁ ይዞ የሞተበት ምዕራፍ እርሱ ነው፤ ዳዊት በሙሉ ኃይሉ የዘለለበትም ምዕራፍ እርሱው ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ዘፈን ነበረ፣ በገናና ከበሮ ነበረ፣ አዲስ ሠረገላም ነበረ። ያልነበረው እግዚአብሔር እንዴት እንድንቀርበው ይፈልጋል የሚለው ጥያቄ ነበር፤ ታቦቱ በሌዋውያን ትከሻ እንጂ በሠረገላ እንዲጫን አልታዘዘም። ዳዊት ፈራ፤ ሦስት ወርም ቆየ። ሁለተኛ ሲመጡ በትከሻ ተሸከሙት፤ ስድስት እርምጃ ሲሄዱም መሥዋዕት ቀረበ። ከዚያ በኋላ ነው ያ ዝላይ የመጣው። ፍርሃቱ ዳዊትን ከማሸብሸብ አልከለከለውም፤ ማሸብሸቡን ክብደት ሰጠው እንጂ። ስለዚህ እባካችሁ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ከበሮውን የሚያስቀምጥ አይኑር። ችግሩ ከበሮው አይደለም።

ታዲያ የት ጣልነው?

በእኔ አስተያየት በሦስት ቦታ ነው።

አንደኛው ስብከታችን ነው። ይህን የምለው ለራሴና ለባልንጀሮቼ ነው። የአንድ ዓመት ስብከቶቼን መዝገብ ገልብጬ አየሁ። ስለ በረከት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ድል፣ ስለ ራእይ፣ ስለ አገልግሎት ሰብኬአለሁ። ስለ እግዚአብሔር ቅድስና፣ ስለ ዘላለማዊነቱ፣ ስለ ሉዓላዊነቱ፣ እርሱ ራሱ ማን እንደሆነ የሰበክሁት በጣት የሚቆጠር ነበር። እግዚአብሔር በብዙ ስብከቶቼ ውስጥ አለ፤ ግን ረዳት ተዋናይ ሆኖ ነው። ዋናው ባለታሪክ የአድማጩ ችግር ነው። ሕዝብ ደግሞ ያልተነገረውን አምላክ አይደነቅበትም። ኢሳይያስ «ወዮልኝ» ያለው ስለ ራሱ ትምህርት ተሰጥቶት አይደለም፤ ጌታን በዙፋኑ ላይ ስላየው ነው (ኢሳ. 6)።

ሁለተኛው መድረኩ ነው። አምልኮ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ጠቧል። «ምስጋና» ሲባል ፈጠን ያለው መዝሙር፣ «አምልኮ» ሲባል ዝግ ያለው መዝሙር ሆኖ ቀርቷል። ጌታ ግን በዮሐንስ 4 ለሳምራዊቷ ሴት የተናገረው ስለ ስግደት ነው። በዕብራይስጡም ሆነ በግሪኩ ለአምልኮ ከሚያገለግሉት ዋና ቃላት መካከል ጎንበስ ማለትን፣ መደፋትን የሚያመለክቱ ይገኙበታል። ስግደት ዓይንን ወደ አንድ አቅጣጫ ይወስዳል። መድረኩ ግን ዓይናችንን ወደ ዘማሪው፣ ወደ ሰባኪው፣ ወደ ካሜራው ወስዶታል። ሰው ሲገባ እንነሳለን፤ ስሙ ከነማዕረጉ ሲጠራ እናጨበጭባለን። አገልጋይን ማክበር ነውር የለውም፤ ሐዋርያውም አስተምሮናል። ነገር ግን የአገልጋዩ ስም ሲጠራ የሚነሳ ጉባኤ፣ የእግዚአብሔር ቃል ሲነበብ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ስልኩን የሚነካካ ከሆነ፣ ክብደቱ ወዴት እንደሄደ ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም።

ሦስተኛው አንደበታችን ነው። «ጌታ ነገረኝ» የሚለው ቃል እንዴት ቀለለ! ቤት ስንከራይ፣ እጮኛ ስንለውጥ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላ ስንሄድ፣ «ጌታ ነገረኝ» እንላለን፤ ማንም እንዳይጠይቀን። እግዚአብሔር እንደሚናገር አምናለሁ፤ ሕይወቴም ይመሰክራል። ነገር ግን ያልተናገረውን ተናገረ ማለት ስሙን በከንቱ መጥራት ነው፤ ሦስተኛው ትእዛዝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው መሐላ የሚያበዛውን ገበያተኛ ሳይሆን እኛን አገልጋዮቹን ይመስለኛል። በጸሎትም እንዲሁ ነው። ስሙን በየሦስት ቃሉ መሐል እንደ መተንፈሻ እንጨምረዋለን፤ ሳንለምነው እናዝዘዋለን። መክብብ 5፥1 እና 2 ወደ እግዚአብሔር ቤት ስትሄድ እግርህን ጠብቅ፣ አፍህም አይቸኩል የሚለን፣ እርሱ በሰማይ እኛ በምድር ስለሆንን ነው።

ነቢዩ ሚልክያስ በዘመኑ ላሉ ካህናት አንድ ፈተና ሰጥቷቸው ነበር። ያን አንካሳና ዕውር እንስሳ እስቲ ለአገረ ገዢህ አቅርብለት፣ ይቀበልሃልን? (ሚል. 1፥8)። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ልበለው። ኤምባሲ ቀጠሮ ያለው ሰው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ ይሰለፋል። ልብሱን ከማታው ይተኩሳል። የሚናገረውን ይለማመዳል። ስልኩን በር ላይ ያስረክባል፤ አያጉረመርምም። ያው ሰው እሁድ ጠዋት ዝማሬው ካለቀ በኋላ ይደርስና፣ ስብከቱ ሳያልቅ «ጉዳይ አለብኝ» ብሎ ይወጣል። ቪዛ የሚሰጠው መኮንን ከበደ፤ ሕይወት የሚሰጠው ጌታ ቀለለ።

የሚያስፈራው ይቅርታ

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ማድረግ የሌለብን አለ። በዛቻ አክብሮትን ማምጣት አንችልም። ጉባኤውን ብንቆጣ ለሁለት ሳምንት ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ይመለሳል። በሥርዓት ብቻም አይመጣም። ጫማ ማውለቅ፣ መስገድ፣ ዝም ማለት ሁሉም መልካም ናቸው፤ በዚህ ከኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ብዙ ልንማር እንችላለን፤ ግን ጫማው ወልቆ ልቡ ያልወለቀ ሰው በየቤቱ አለ። እኔም ያን ዕለት ጠዋት ቆሜ ነበር።

እውነተኛ ፍርሃት ከወዴት እንደሚመጣ መዝሙር 130፥4 ይነግረናል። ይቅርታ በአንተ ዘንድ ስላለ ትፈራለህ ይላል። እኛ ብንሆን ፍርድ በአንተ ዘንድ ስላለ የምንል ይመስለኛል። መዝሙረኛው ግን ይቅርታው አስፈራው። ለምን? ይቅር የተባለ ሰው ምን ያህል ዕዳ እንደነበረበትና ያ ዕዳ በምን እንደተከፈለ ያውቃልና። ወደ ጎልጎታ ቀርቦ የሚያይ ሰው ሁለት ነገር አብሮ ያያል፤ ኃጢአቱ የእግዚአብሔርን ልጅ ያስገደለ መሆኑን፣ እግዚአብሔርም ያን ዋጋ እስኪከፍል ድረስ የወደደው መሆኑን። ከዚያ በኋላ ቀልድ የለም። ከዚያ በኋላ ሽሽትም የለም። ጴጥሮስ ጀልባው በዓሣ ሲሞላ በኢየሱስ ጉልበት ላይ ወድቆ ከእኔ ተለይ አለ (ሉቃ. 5፥8)። ያስደነገጠው ቁጣ አልነበረም፤ ቸርነት ነበር። ጌታም ከእርሱ አልተለየም።

ስለዚህ መድኃኒቱ መስቀሉን መልሶ ወደ መካከል ማምጣት ነው። በእኛ ጉባኤ የጀመርናቸው ጥቂት ትንንሽ ነገሮች አሉ፤ ሕግ አድርጌ አላቀርባቸውም።

አምልኮ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ደቂቃ ዝም እንላለን። ኪቦርዱም ዝም ይላል። መጀመሪያ ላይ ሰው ሲጨነቅ፣ ሲያስል፣ ዙሪያውን ሲያይ ነበር፤ አሁን ያን ዝምታ የሚናፍቁ አሉ። ቃሉ ሲነበብ እንነሳለን፤ በነህምያ 8 ዕዝራ መጽሐፉን ሲከፍት ሕዝቡ ሁሉ እንደተነሳ። ጸሎታችንን ከጥያቄ አንጀምርም፤ ከእርሱ ማንነት እንጀምራለን። የጌታን እራት በፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ሰዓት አይተን አንጨርሰውም፤ ለንስሐ ጊዜ እንሰጣለን። ለማንም አገልጋይ ሲገባ አንነሳም። እኔም ስልኬን ከቤት ትቼ እመጣለሁ።

ስልክ በራሱ ጠላት ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በአንድ የዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት አለችን። አምልኮአችንን የምትከታተለው በስልክ ነው፤ የቤቱ ሰዎች ከተኙ በኋላ፣ በማእድ ቤት ወለል ላይ፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጋ። «ፓስተር፣ ቃሉ ሲነበብ ተንበርክኬ ነው የምሰማው፤ ቁሚ የሚለኝ ስለሌለ» ብላ ጽፋልኛለች። ያን መልእክት ሳነብ ያቺ በብርድ ልብስ የተሸፈነች መስኮት ትዝ አለችኝ። እሷ በስልክ ወደ እግዚአብሔር ቀረበች፤ እኔ ደግሞ በጉባኤ መካከል ቆሜ በስልክ ከእርሱ ራቅሁ። ልዩነቱ መሣሪያው አይደለም።

እናንተም በቤታችሁ ጀምሩ። ቅዳሜ ማታ ነገ ማንን እንደምትገናኙ አስቡ። ልጆቻችሁ ስለ እግዚአብሔር የሚማሩት ከሰንበት ትምህርት ቤት ይልቅ እናንተ ስሙን ስትጠሩ ከፊታችሁ ከሚያዩት ነው። አንዳንድ ማታም መብራት ሲጠፋ ሻማ ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ደጅ ውጡና ሰማዩን እዩ። ዳዊት በመዝሙር 8 ጨረቃንና ከዋክብትን አይቶ ሰው ምንድር ነው ብሎ የጠየቀው እንዲህ ባለ ሌሊት ሳይሆን አይቀርም።

ይህን የምለው ለእኛ ለአማኞች ጥቅም ብቻ አይደለም። ጳውሎስ በ1 ቆሮንቶስ 14፥24 እና 25 ላይ ያላመነ ሰው ወደ ጉባኤ ሲገባ ምን ሊሆን እንደሚገባው ይነግረናል፤ የልቡ ስውር ነገር ይገለጣል፣ በግንባሩም ተደፍቶ እግዚአብሔር በእውነት በመካከላችሁ ነው ይላል። ጌታን የሚፈልግ ሰው ወደ እኛ የሚመጣው የተሻለ ሙዚቃ ፍለጋ አይደለም፤ ሙዚቃ በየሰፈሩ ሞልቷል። የሚመጣው እግዚአብሔርን ፈልጎ ነው። እርሱን ካላገኘ ሻያችን ቢጣፍጥ ምን ይጠቅመዋል?

እኚያ አባት እስካሁን ተመልሰው አልመጡም። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ ነበር። ቡና ተፈልቶ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ዝናቡ ተጨዋወትን። ልነሳ ስል እጄን ያዙና፣ «አሁንስ ትነሳላችሁ?» አሉኝ እየሳቁ። ምን እንደሚጠይቁኝ ገባኝ። «እየተማርን ነው አባቴ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው አንድ እሁድ እመጣለሁ» አሉ።

ጌታ ሆይ፣ እሳቸው በሚመጡበት እሁድ በመካከላችን ቅለልብን አትበለን። «አንተ» ብለን የምንጠራህ ቀርበንህ እንጂ ንቀንህ እንዳይሆን ልባችንን መርምር። በደረትህ እንጠጋ፣ በእግርህም እንውደቅ። አሜን።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።